በወንዝ ደለልና በዓሣ ውስጥ ስለሚከማቹ ከባድ ብረቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የወንዝ ጭቃ መዛቅና ዓሣ መበለት ነው፤ የተበለተው ዓሣ የሚሄደው ግን ወደ ድስት ሳይሆን ወደ ላቦራቶሪ ነው። ከዓሣ አስጋሪዎች፣ ወንዝ ዳር ከሚኖሩ ሰዎችና ከተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ መልስ አጭር ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ መርዘም ግድ ሆኖብኛል።

ውሃው ተመርምሮ "ንጹህ ነው" ተብሏል። ደለሉን መመርመር ለምን አስፈለገ?

የውሃ ናሙና የሚናገረው ጠርሙሱ በተሞላበት ደቂቃ ስላለፈው ውሃ ብቻ ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን ሌሊት ለቅቆ እናንተ ጠዋት ብትቀዱ፣ ፍሳሹ ቁልቁል ወርዶ አልፏል። ደለል ግን በቀላሉ አይታለልም። ሊድ (እርሳስ)፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ መዳብና ሜርኩሪ በውሃ ውስጥ ሟሙተው ብዙ አይቆዩም። ከሸክላ ቅንጣት፣ ከዝገትና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተጣብቀው ወንዙ ዝግ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ይዘቅጣሉ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የሊድ መጠን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ማንም ባልበከለው ደለል ውስጥ ደግሞ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሊድ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህ በክብደት ሲሰላ ከዚያ የውሃ መጠን ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ነው። ጤነኛው ደለል ይህን ያህል ከያዘ የተበከለው ምን ያህል እንደሚሸከም መገመት ነው። ስለዚህ "ውሃው ንጹህ ነው" የሚል ወረቀት ሲያሳዩኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጭቃውስ?

እነዚህ ብረቶች ከየት ይመጣሉ?

አንደኛው ምንጭ ራሱ ዓለቱ ነው። ከዚያ ማዕድን ማውጫና የማዕድን ዝቃጭ፣ ክሮሚየም የሚጠቀሙ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ የብረት ቅብ ሥራ፣ የባትሪ ማቅለጫ፣ ካድሚየም የያዘ የፎስፌት ማዳበሪያ፣ ከጎማ የሚራገፍ ዚንክ፣ ከፍሬን ሸራ የሚራገፍ መዳብ አለ። ወርቅን በሜርኩሪ የሚለዩ አነስተኛ የወርቅ አውጪዎች ሰዎች ወደ አካባቢ ለሚለቁት ሜርኩሪ በዓለም ትልቁ ምንጭ ናቸው። ሊድ የተጨመረበት ቤንዚን ለመኪና መሸጥ በዓለም ዙሪያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ከጭስ ማውጫ የወጣው ሊድ ግን መንገድ ዳር ካለው አፈር በዝናብ እየታጠበ እስካሁን ወደ ወንዝ ይወርዳል።

አርሰኒክም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይጠራል። ኬሚስቶች በትክክል ብረት ነው ብለው አይቆጥሩትም፤ ግን እንደ እነሱ መርዛማ ስለሆነ አብረን እንለካዋለን።

የተፈጥሮው የቱ፣ ሰው የጨመረው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሪፖርት ይሰናከላል። አሸዋ ብረት እምብዛም አይዝም፤ ደቃቅ ሸክላ ይይዛል። ከፋብሪካው በላይ አሸዋ፣ ከፋብሪካው በታች ጭቃ ዝቆ ማወዳደር ፋብሪካውን ያለ ጥፋቱ ሊያስወቅሰው ይችላል፤ ቦታው ሲገላበጥ ደግሞ ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ደለሉን በ63 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ነፍተን ደቃቁን ብቻ የምንለካው፣ ወይም ውጤቱን ሰው እምብዛም ከማይጨምረው ከአሉሚኒየም ጋር የምናነጻጽረው።

ይበልጥ የማምነው መንገድ ግን ወደ ታች መቆፈር ነው። ውሃው በማይናወጥበት ቦታ ቱቦ ወደ ደለሉ ሰክቶ መሳብ፣ ከዚያ እንደ ዳቦ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ መለካት። ከላይ ያለው የትናንት ነው፣ ከታች ያለው የአያቶች ዘመን። ዕድሜውን የሚነግረን ሊድ 210 የሚባለው ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነው፤ በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በተጨማሪም በአየር ላይ ይካሄድ ከነበረው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ የወረደው ሲዚየም 137 በ1963 አካባቢ ከፍ ብሎ በደለሉ ውስጥ ምልክት ትቷል። ከታች ያለው ቁራጭ በኪሎ 18፣ ከላይ ያለው 140 ሚሊ ግራም ሊድ ቢያሳይ "የኛ ዓለት ተፈጥሮው እንዲህ ነው" የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል።

ብረቱ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ተቀብሮ አይቀርም ወይ?

አንዳንዴ ይቀራል። መቼ እንደማይቀር ለመረዳት ጭቃውን በእጅ ይዞ ማየት ይጠቅማል። ዝግ ካለ ውሃ ዳር ጓንት አድርጋችሁ አንድ እፍኝ ጭቃ ሳታማስሉ አውጡ። ከላይ ቡናማ ስስ ሽፋን አለ፤ አንዳንዴ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ጥቁር ነው፣ ሲሸት ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ቡናማው ኦክስጅን የሚያገኝ የተራው ብረት (አይረን) እና የማንጋኒዝ ዝገት ነው፤ ሌሎቹን ብረቶች ይዞ የሚያቆያቸው እሱ ነው። ጥቁሩ ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰልፋይድ የሚባለው ውህድ ካድሚየምን፣ ሊድንና ዚንክን ጠፍንጎ ይይዛል። ሽታውም የዚሁ የሰልፋይድ ነው።

ያን እፍኝ ጭቃ አየር ላይ ብትተዉት ጥቁሩ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ዓይናችሁ ሥር የሚሆነው ነገር ይህ ነው፦ ሰልፋይዱ ኦክስጅን አግኝቶ ይፈርሳል፣ አሲድ ይፈጥራል፣ የያዘውንም ይለቃል። ጎርፍ ደለሉን ሲገለብጠው፣ ቁፋሮ ሲያወጣው፣ የግድብ ውሃ ሸሽቶ ታቹ ሲደርቅ የሚሆነው እንዲሁ ነው። በተቃራኒው ኦክስጅን ከግድቡ ወለል ሲጠፋ ደግሞ ቡናማው ዝገት ይሟሟና በላዩ የተለጠፈውን ወደ ውሃው ይመልሳል።

እናም የላቦራቶሪው "ጠቅላላ መጠን" ምን ያህሉ እንደታሰረና ምን ያህሉ ሊፈታ እንደሚችል አይናገርም። ይህን ለማወቅ ደለሉን ከደካማ እስከ ኃይለኛ ኬሚካል በተራ እያጠቡ በየደረጃው የወጣውን መለካት ያስፈልጋል። በደካማ አሲድ በቀላሉ የሚወጣው ክፍል የሚያሳስብ ነው፤ በድንጋዩ ማዕድን ውስጥ የታሰረው ግን ዓሣውን አያገኘውም።

ሜርኩሪ ለምን ለብቻው ይነሳል?

ምክንያቱም ሌሎቹ የማያደርጉትን ያደርጋል። ድሮ ባዜቃ ይባል የነበረው ይህ ብረት ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ሜቲል ሜርኩሪ ከሥጋ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ከሰውነት የሚወጣውም በጣም ቀስ ብሎ ነው። አልጌውን ትንሽ ነፍሳት ይበላዋል፣ ነፍሳቱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቁ፤ በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ ያለው በውሃው ካለው ሚሊዮን እጥፍና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሊድና ካድሚየም ዓሣ ውስጥ ይከማቻሉ እንጂ ከተበይ ወደ በይ እንዲህ እየተባዙ አይወጡም። ይህ ልዩነት ብዙ ጽሑፍ ላይ ተምታቶ አየዋለሁ።

ታሪኩ የታወቀው ከጃፓን ነው። በሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ሜርኩሪ የያዘ ዓሣ የበሉ ሰዎችን የመታው በሽታ በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው፤ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሲሞቱ ታይተው ነበር። ለኛ ለወንዝ ሰዎች ግን የበለጠ የሚነግረን ሁለተኛው ነው፦ በ1965 በኒጋታ፣ በአጋኖ ወንዝ። ከወንዙ ላይኛ ክፍል የነበረ የኬሚካል ፋብሪካ የለቀቀው ሜርኩሪ የወንዙን ዓሣ አዘውትረው የሚበሉ ቤተሰቦችን መታ። በካናዳ ኦንታሪዮም ከ1962 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከ9 ቶን በላይ ሜርኩሪ በዋቢጉን ወንዝ ተለቀቀ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ከታች ባሉት ሐይቆች የአዳኝ ዓሣዎች የሜርኩሪ መጠን ከፍ እንዳለ ነው። ደለሉ ዛሬም ይመግባቸዋል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካ በሌለበት ቦታ አዲስ ግድብ ሲሞላም የዓሣው ሜርኩሪ ለዓመታት ከፍ ይላል። ውሃ የዋጠው አፈርና ቅጠል ሲበሰብስ ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ድግስ ይሆንላቸዋል።

በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሜርኩሪ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን የወሰደው ከዚያችው ከሚናማታ ነው።

ብረቱ በዓሣው የትኛው የሰውነት ክፍል ይከማቻል?

እንደ ብረቱ ይለያያል። ካድሚየም ኩላሊትና ጉበት ይመርጣል። መዳብ ጉበት ውስጥ ይገኛል። ሊድ አጥንትና ቅርፊት ውስጥ ይቀመጣል። ስንጥብ ከውሃው ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይይዛል። እነዚህን ብረቶች በተመለከተ ሥጋው ከሁሉም የተሻለ ንጹህ ነው፤ የሆድ ዕቃውን ጥሎ ፊሌቶውን ብቻ መብላት እውነትም ይረዳል። ትናንሽ ዓሣዎችን ከነአጥንታቸውና ከነሆድ ዕቃቸው የሚበላ ሰው ግን ሁሉንም ይበላል፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ጭቃ ጨምሮ።

ሜርኩሪ እዚህም ያፈነግጣል። ሥጋው ውስጥ ነው ያለው፣ የሚቆርጡለት ቦታ የለውም።

መቀቀል ወይም መጥበስ ያስወግደዋል?

አያስወግደውም። ዓሣው ውስጥ ያለው ብረት ምጣድ ላይ አይቃጠልም፣ ተንኖም አይጠፋም። እንዲያውም ዓሣው ሲጠበስ ውሃውን ስለሚያጣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል።

ታዲያ ዓሣ መብላት ላቁም?

አይደለም። ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሰው ከዓሣ ሲሸሽ ሳይ ይከፋኛል። የሚሻለው የትኛውን ዓሣ፣ ምን ያህልና በየስንት ጊዜው ብሎ ማሰብ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ ለሜቲል ሜርኩሪ ያስቀመጠው ጣሪያ በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሳምንት 96 ማይክሮ ግራም ይደርሳታል ማለት ነው። ዓሣው በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ከያዘ ጣሪያው ላይ የምትደርሰው 190 ግራም ገደማ ስትበላ ነው፤ አንድ ደህና ቁራጭ። ዓሣው 0.05 ቢይዝ ግን ወደ 2 ኪሎ ይሆንላታል። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዓሣ፣ አሥር እጥፍ ልዩነት። አልጌ የሚበላ ቆሮሶ ከአዳኞቹ በእጅጉ ያነሰ መያዙ የተለመደ ነው፤ ከአንድ ዝርያም ትንሹ ከትልቁ ያነሰ ይይዛል፣ የኖረው አጭር ዕድሜ ነውና።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕጻናት ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎችን ቢተዉ ይሻላል፤ ሜቲል ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ በመፈጠር ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 50 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ዓሣዋን ብትመርጥ ጥሩ ነው። ካድሚየም ከዚህ ይብሳል፤ በሰው ኩላሊት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

የምርመራ ሪፖርት ሳነብ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በፊት ደረቅ ክብደት ነው ወይስ እርጥብ ክብደት የሚለውን ፈልጉ። የዓሣ ሥጋ አራት አምስተኛው ያህል ውሃ ነው። ላቦራቶሪ ሥጋውን አድርቆ ለክቶ "በኪሎ 1.0 ሚሊ ግራም ሊድ" ቢል፣ የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ ደግሞ 0.30 ነው ቢባል፣ ከሦስት እጥፍ በላይ አልፏል ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ጣሪያው ግን የተቀመጠው ለእርጥብ ሥጋ ነው። ዓሣው 78 በመቶ ውሃ ከነበረ፣ የቀረው 22 በመቶ በ1.0 ተባዝቶ 0.22 ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች ነው። በዚህ አንድ ስህተት የተነሳ ሰው ገበያውን ሲያጣ አይቻለሁ፤ ጉዳዩ ሲጣራም ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም።

ቀጥሎ ለደለል የሚጠቀሱትን ቁጥሮች ተመልከቱ። ብዙ አጥኚዎች የሚጠቀሙት ሁለት ደረጃ ያለው መለኪያ ነው፦ ለሊድ 35.8 እና 128፣ ለካድሚየም 0.99 እና 4.98፣ ለሜርኩሪ 0.18 እና 1.06 ሚሊ ግራም በኪሎ ደረቅ ደለል። ከታችኛው በታች ከሆነ በደለሉ በሚኖሩ ነፍሳት ላይ ጉዳት መድረሱ አይጠበቅም፤ ከላይኛው በላይ ከሆነ ጉዳት ይጠበቃል፤ መሐሉ አከራካሪ ነው። ቁጥሮቹ የተሠሩት ለትሎችና ለእጮች እንጂ ለሰው አይደለም። "ደለሉ ከ128 ስላለፈ ዓሣው አይበላም" ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መቀላቀል ነው። ዓሣውን ለማወቅ ዓሣውን መለካት ነው።

የዓሣው ርዝመት ያልተጻፈበት ሪፖርት ደግሞ እኔ ሩቡን ብቻ ነው የማምነው።

ናሙናውን ራሳችን ወስደን ለላቦራቶሪ መስጠት እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ግን ስለ ባልዲዬ ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ የወንዝ ደለል በቆርቆሮ ባልዲ አመጣሁ። ዚንኩ ሰማይ ነካ። ወንዙ ላይ ጣቴን ልቀስር ስል አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ባልዲዋን አንስቶ አገላበጣትና "በምን የተለበጠች ይመስልሃል?" አለኝ። በዚንክ።

የፕላስቲክ ማንኪያና አዲስ የፕላስቲክ ከረጢት ተጠቀሙ። ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ውሰዱ፣ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከአምስት ስድስት ነጥብ ሰብስባችሁ ደባልቁ። ውሃው ወደ ላይ ባለው አቅጣጫ ፊታችሁን አዙራችሁ ቁሙ፤ በእግራችሁ ያደፈረሳችሁት ወደ ናሙናው እንዳይመጣ። ከተጠረጠረው ቦታ በላይና በታች፣ በተመሳሳይ ዓይነት ጭቃ ላይ ሥሩ። ዓሣ ከሆነ ርዝመቱንና ክብደቱን እዚያው መዝግቡ፣ ቶሎ በበረዶ አድርጉት። ላቦራቶሪው የታወቀ መጠን ያለው ማረጋገጫ ናሙና አብሮ ለክቶ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በወንዙ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አየን። ብረት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም፤ በድንገት በጅምላ የሚሞት ዓሣ በአብዛኛው ኦክስጅን አጥሮት ነው። አሲድ ያለው የማዕድን ፍሳሽ ሲሆን ግን መዳብ፣ ዚንክና አሉሚኒየም ስንጥቡን ጎድተው በሰዓታት ሊገድሉት ይችላሉ፤ ካልሲየም የበዛበት ጠንከር ያለ ውሃ የተወሰነ መከላከያ ይሰጠዋል። ወደ ሰው ማዕድ የሚደርሰው ብክለት የሚያስፈራው ግን ዓሣውን ስለማይገድለው ነው። ዓሣው ወፍሮ፣ ዓይኑ ጠርቶ፣ ሽታውም ጤነኛ ሆኖ ይመጣል።

ወንዝ ሊጸዳ ይችላል?

ምንጩ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ወንዙ ራሱን ያግዛል፦ አዲስ ንጹህ ደለል አሮጌውን እየሸፈነ ይቀብረዋል። ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አሥርተ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ምንጩ ሳይዘጋ ደለሉን መጥረግ ግን ገንዘብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

መጥረግ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚናማታ ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የተበከለ ጭቃ ተነስቶ ከባሕረ ሰላጤው ተከልሎ በተሞላ መሬት ሥር ተቀበረ፤ የባሕረ ሰላጤው ዓሣ ደህና ነው የተባለው በ1997 ነው። በዚያው በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ካድሚየም ከማዕድን ማውጫ ይዞ ሲወርድ የመስኖ ውሃው ሩዝ ማሳዎቹን በከለ፤ ሩዙን የበሉት ሰዎች አጥንታቸው እየተሰበረ "ኢታይ ኢታይ"፣ "አመመኝ አመመኝ" ይሉ ስለነበር በሽታው ስሙን ከዚያው አገኘ። የማሳዎቹን አፈር የማደሱ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ወስዶ ያለቀው በ2012 ነው። ሌላው አማራጭ የተበከለውን ደለል ሳያነሱ በንጹህ አሸዋና ጠጠር መሸፈን ነው፤ ጎርፍ በማይበረታበት ቦታ ይሠራል፣ ኃይለኛ ወንዝ ላይ ግን አንድ ክረምት ያነሳዋል።

ልጆቻችን ወንዙ ዳር በጭቃ ይጫወታሉ። ያሰጋል?

በቆዳ በኩል የሚገባው ትንሽ ነው። የሚያሰጋው እጅ ወደ አፍ ሲሄድ ነው፣ በተለይ ሊድ ባለበት ቦታ። ለሊድ ቀድሞ የነበረውን ሳምንታዊ ጣሪያ ያው የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2010 ሰርዞታል፤ ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል መጠን ስላልተገኘ። ከጨዋታ በኋላ እጃቸውን በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በወንዙ ውሃ ሳይሆን። ጭቃ የነካ ጫማና ልብስ ቤት አይግባ፤ ደርቆ አቧራ ሲሆን ወለል ላይ የሚድኸው ትንሹ ልጅ ነው የሚያነሳው።